ዕጣኑ ከእኛ፣ ማጨሻው ከቻይና



ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ዕጣን የማይጨስበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ፣ እኛም ሐበሾቹ በየሰዓታችንና በየዓይነታችን እናጨሳለን። ቡና ሲፈላ፣ ሙሽራ ስትታጠን፣ ለዓርብ ቤት ሲሰናዳ፣ አራስ ስትጠየቅ ጢሱ አይቀርም። ጢሱ የጥንቱ ነው፤ የሚጨስበት ዕቃ ግን ዓይናችን እያየ ተለወጠ። እናቶቻችን በሸክላ ገል ላይ ያጨሱ ነበር። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ዳብቃድ የሚሉት ማጨሻ አላቸው፤ ስመ ጥሩው ሶማሊያ ውስጥ ከኤል ቡር ከሚወጣ ነጭ ለስላሳ ድንጋይ የሚቀረጸው ነው። አሁን መደርደሪያውን የሞላው ግን ባለ ሦስት እግር፣ ባለ ሁለት ጆሮ፣ ክዳኑ ላይ አንበሳ የተቀመጠበት፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይና ቢጫ አበባ ያለበት የቻይና ማጨሻ ነው።

ደንበኛ ይህን ዕቃ አንሥቶ፣ ገልብጦ ሲያይ ሦስት ነገር ይጠይቀናል። ነሐስ ነው? አንቲክ ነው ወይ? ይሄኛው ከዚያኛው በምን ተለይቶ ተወደደ? ከመካከላችን ኮሜርስ የተማርነው የሒሳብ መዝገብና የመጋዘን ካርድ አያያዝ እናውቃለን፤ ዕቃው ራሱ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ግን ትምህርት ቤት የነገረን የለም። የዕቃውን ታሪክ የማያውቅ ነጋዴ አቅራቢው የነገረውን ለደንበኛው ይደግማል፤ አቅራቢው ከዋሸ እሱም አብሮ ይዋሻል። ስለዚህ ታሪኩን ሰብሰብ አድርገን ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ ጅቡቲ እንደሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል።

ዕጣኑ ቀድሞ ሄደ

ዕጣን ማጨስን ማን ከማን ተማረ ብሎ መከራከር አያስፈልግም። በእኛ በኩል አክሱም አጠገብ ባለችው ሜላዞ በሳባ ፊደል የተጻፈባቸው፣ ከኖራ ድንጋይ የተጠረቡ ማጨሻዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው 2,500 ዓመት ገደማ ነው። በቻይና በኩል ደግሞ ሊዩ ሼንግ የተባለ የሃን ሥርወ መንግሥት መስፍን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ113 ሞቶ የተቀበረበት ዋሻ በ1968 ሲገኝ፣ በወርቅ ያጌጠ የነሐስ ማጨሻ ወጥቶበታል። ክዳኑ የተራራ ቅርጽ አለው። ጢሱ በቀዳዳዎቹ ሲወጣ ተራራው ጉም የለበሰ ይመስላል።

ስለዚህ ዕቃው ሁለቱም ዘንድ ነበረ። ቻይና ያልነበራት ዋናው ዕጣን ነው። የዕጣን ዛፍ የሚበቅለው በደረቁ የአፍሪካ ቀንድ፣ በሱዳን በኩልና በደቡብ ዓረብ ነው። ዓረቦች ሉባን ሲሉት፣ ቻይናዎችም ሩሺያንግ አሉት፤ የወተት ሽታ ወይም የወተት ዕጣን እንደማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ከዛፉ ቁስል የሚንጠባጠበውን ነጭ ጠብታ ያስታውሳሉ።

በሶንግ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ዕጣን ለቻይና መንግሥት ትልቅ ገቢ ነበር። በ971 ጓንጁ ወደብ ላይ የባሕር ንግድ ቢሮ ተቋቋመ፤ ዛሬ ጉምሩክ የምንለው ዓይነት ነው። ዕጣን መንግሥት ብቻ የሚገዛውና የሚሸጠው ዕቃ ሆነ። በ1077 ሦስት ወደቦች ብቻ 354,449 ጂን ዕጣን መረከባቸው ተመዝግቧል። የዚያን ጊዜው አንድ ጂን ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ በእኛ ሒሳብ ከ200 ቶን ያላነሰ ዕጣን ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ሲቀር ሁሉም የገባው በጓንጁ ነው። ዛሬ ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ዕቃ ሊገዙ የሚሄዱባት ያቺው ጓንጁ መሆኗን ልብ ይሏል።

በ1225 ጃው ሩጓ የተባለ የቹዋንጁ ወደብ የንግድ ሹም ስለ ባሕር ማዶ አገሮችና ዕቃዎች መጽሐፍ ጻፈ። ሰውየው ራሱ ባሕር አልተሻገረም፤ ወደቡ ላይ የሚያገኛቸውን ነጋዴዎች እየጠየቀ ነው የጻፈው። ከጅቡቲ በስተምሥራቅ ያለችውን የበርበራን አገር ያነሣል፤ ከርቤዋን፣ የዝሆን ጥርሷን፣ ሰጎኗን ጭምር። ዕጣንን በ13 ደረጃ ከፍሎ ያስቀምጣል። ደረጃ ማውጣትና ዋጋ መለየት እኛ የጀመርነው እንዳይመስለን።

ዕጣኑ ግን ከዛፉ ሥር በቀጥታ ቻይና አይደርስም። ዳሺ የሚሏቸው የዓረብ አገር ነጋዴዎች ዕጣኑን ይዘው እስከ ሱማትራ ደሴት ይጓዛሉ። እዚያ ስሪቪጃያ በተባለው መንግሥት ወደቦች ዕቃ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ነው ወደ ቻይና የሚተላለፈው። ስሪቪጃያ የዕጣን ዛፍ አልነበራትም፤ የበለጸገችው መንገዱ ላይ በመቀመጧ ነው። ጅቡቲ ለምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ጭነቱ ምን ይመስል እንደነበር በዓይን ታይቷል። በ1974 ቹዋንጁ አጠገብ ከጭቃ ውስጥ የወጣው የሶንግ ዘመን መርከብ በ1270ዎቹ የሰጠመ ነው። ሆዱ ውስጥ ከሁለት ቶን በላይ ሽታ ያለው እንጨትና ቅመማ ቅመም ተገኘ፤ ዕጣንም አብሮ ነበረ።

የመልሱስ ጉዞ? ከ1417 በኋላ የጄንግ ሄ መርከቦች ሞቃዲሾ፣ ባራዋና ዓደን ደርሰዋል። ከእሱ ጋር የተጓዘው አስተርጓሚ ማ ኋን እንደጻፈው፣ የዶፋር ሰዎች ዕጣንና ከርቤ አምጥተው በሐርና በቻይና ሸክላ ይለውጡ ነበር። ከዚያ በፊትም የቻይና ዕቃ ወደ መሀል አገራችን ይዘልቅ ነበር። ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ የተቆፈረው የጥንት ከተማ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ አለው፤ ከፍርስራሹ የየመን፣ የማልዲቭና የቻይና ሸክላ ስባሪ ወጥቷል። እኛ ዕቃ ጭነን የምናልፍበት መንገድ ዳር ማለት ነው። ቻይና የተሠራ ዕቃ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የዛሬ 800 ዓመትም ነጋዴ ነበረው።

ኢናሜሉ ከየት መጣ

አሁን ወደ ማጨሻው እንምጣ። ሰማያዊው ኢናሜል የቻይና የራሷ ፈጠራ ይመስለናል፤ አይደለም። ኢናሜል በነሐስ ወይም በመዳብ ላይ በእሳት የተጋገረ ባለ ቀለም መስታወት ነው። ጥበቡ ቻይና የገባው ከምዕራብ፣ ሞንጎሎች በገዙበት በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1388 የወጣ የጥንት ዕቃዎች መመሪያ መጽሐፍ ይህን ሥራ የዳሺ ዕቃ ይለዋል። ዕጣን የሚያመጡት ነጋዴዎች ስምም ዳሺ እንደነበረ ከላይ አይተናል። ለቻይናው ገዢ ዕጣኑም ኢናሜሉም ከአንድ አቅጣጫ የመጣ የባዕድ ዕቃ ነበር።

ያ መጽሐፍ ዕቃውን ብዙም አያከብረውም። ለሴቶች ክፍል ይሆናል እንጂ ለተማረ ሰው ንባብ ቤት አይመጥንም ይላል። ብዙ አልቆየም፣ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ያሠራው ጀመር። የንጉሥ ስም ተጽፎባቸው ዘመናቸው በእርግጥ ከታወቀው የቻይና ኢናሜሎች ቀደምቶቹ በ1426 እና በ1435 መካከል የገዛው የሽዋንደ ዘመን ናቸው። ከ1450 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት የገዛው ጂንግታይ ደግሞ ስሙን ለሥራው ሁሉ አወረሰ። ቻይናዎች ኢናሜሉን እስከ ዛሬ ጂንግታይላን ይሉታል፤ የጂንግታይ ሰማያዊ ማለት ነው። እዚህ ጅቡቲ በፈረንሳይኛ ክሉዋዞኔ ሲባል ትሰማላችሁ፤ ትርጉሙ የታጠረ፣ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው።

ስሙ አሠራሩን ይነግራል። መጀመሪያ የመዳብ ዕቃው ተቀጥቅጦ ይወጣል። ከዚያ ሠራተኛዋ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በወረንጦ እየጠመዘዘች አበባውን፣ ቅጠሉን፣ ደመናውን ትሠራና በዕቃው ላይ ታጣብቀዋለች። እያንዳንዱ አበባ ትንሽ አጥር ይሆናል። በአጥሩ ውስጥ ባለ ቀለም የመስታወት ዱቄት በውኃ ተለውሶ ይሞላል። ዕቃው 800 ዲግሪ ገደማ በሆነ እሳት ሲጋገር ዱቄቱ ቀልጦ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ስለዚህ ደጋግሞ መሙላትና ደጋግሞ መጋገር አለ። በመጨረሻ ተሞርዶ፣ ተለስልሶ፣ ሽቦው በወርቅ ይቀባል። እንግዲህ ዋጋው ለምን ይለያያል ለሚል ደንበኛ መልሱ እዚህ አለ። በእጅ ሽቦ የታጠረበትና ቀለም ብቻ የተቀባበት ዕቃ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ልፋታቸው ግን አይገናኝም።

አንበሳውን ብዙ ሐበሻ ደንበኛ የይሁዳ አንበሳ ነው ወይ እያለ ይስቃል። በቻይና ተረት ዘንዶ ዘጠኝ ልጆች አሉት፤ አንዱ ሱዋንኒ ይባላል፣ መልኩ አንበሳ ነው፣ መቀመጥና ጢስ ይወድዳል። ለዚህ ነው የዕጣን ማጨሻ ክዳን ላይ የሚያስቀምጡት።

ወደቡና ቻይና

ጅቡቲ ከተማ ራሷ የቻይና መንገድ ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ፈረንሳይ ከአፋር ሹማምንት ጋር ተዋውላ ኦቦክን የያዘችው በ1862 ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት ያህል እምብዛም አልሠራችበትም። በመካከሉ በ1869 የሱዌዝ ቦይ ተከፈተ። ከዚያ በ1880ዎቹ ፈረንሳይ በቬትናም ጉዳይ ከቻይና ጋር ጦርነት ገጠመች። መርከቦቿ ከሰል የሚሞሉት እንግሊዞች በያዟት ዓደን ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ዓደን ከሰል ስትከለክላቸው ፈረንሳዮች የራሳቸው የከሰል ወደብ ግድ ሆነባቸው። በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ ኦቦክ መጣ። በ1888 ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ለመርከብም ለሲራራም የተሻለ ቦታ ላይ ጅቡቲ ተቆረቆረች። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ።

በፈረንሳይም በኩል የቻይና ኢናሜል የታወቀው በዚያው ዘመን ነው፤ በደኅና መንገድ ግን አልነበረም። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ ያለውን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ። ከዚያ የተወሰደው ዕቃ፣ ኢናሜሎቹ ጭምር፣ በ1863 ንግሥት ኢዩጄኒ ፎንቴንብሎ ውስጥ ባቋቋመችው የቻይና ሙዚየም ተደረደረ። ከመቅደላ የተዘረፈውን ለምናስታውስ ለእኛ ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም።

ዛሬ ይህን ማጨሻ የሚያመጣልን ጦር ሳይሆን ኮንቴይነር ነው። የዶራሌ አዲሱ ወደብ በ2017፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው በ2018 ሥራ ሲጀምሩ የቻይና ኩባንያዎች እጅ አለበት። አዲስ አበባ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ባቡርም የሠሩት እነሱ ናቸው። ዕቃው ጓንጁ ወይም ዪዉ ተገዝቶ፣ እዚህ ወርዶ፣ ግማሹ በጅቡቲ ገበያ ይቀራል፣ ግማሹ በእኛ እጅ ወደ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ይሻገራል።

ከታች ያለው ማኅተም

አሁን የደንበኛውን ጥያቄ በሐቅ እንመልስ። ማጨሻውን ስትገለብጡት ከሥሩ አራት ወይም ስድስት የቻይና ፊደል ያለበት አራት ማዕዘን ማኅተም ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚለው በታላቁ ሚንግ፣ በሽዋንደ ዘመን የተሠራ ነው። ተረኩ እንደሚለው ንጉሥ ሽዋንደ በ1428 ከሲያም በመጣ መዳብ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ መቅደስ በሺህ የሚቆጠር የነሐስ ማጨሻ አሠራ። ይህን የሚተርከውን መጽሐፍ ዛሬ ሊቃውንት ይጠራጠሩታል። የማያጠራጥረው ነገር፣ የሽዋንደ ማኅተም ያለበት አብዛኛው ማጨሻ ከንጉሡ በመቶዎች ዓመታት ዘግይቶ የተሠራ መሆኑ ነው። ቻይናዎች ማኅተሙን ለአክብሮትና ለውበት ሲደግሙት ኖረዋል፤ ዛሬም ፋብሪካ ይደግመዋል። የኢናሜሉ የጂንግታይ ማኅተምም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ማኅተሙን አሳይቶ የ600 ዓመት አንቲክ ነው ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው። ይህን የምንለው ለመስበክ አይደለም። አንድ ደንበኛ፣ በተለይ ለልጁ ሠርግ የገዛ፣ ፓሪስ ወይም ዱባይ ወስዶ አስመርምሮ ሲያፍር፣ ወሬው የሚመለሰው ሁላችንም ላይ ነው።

ለመለየት ትልቅ ጥበብ አያስፈልግም። ማግኔት አስጠጉበት፤ ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ ግን ነሐስ ነው ማለት አይደለም፤ ርካሹ የዚንክ ቅይጥና አሉሚኒየምም አይዙም፤ እዚህ ላይ ክብደቱን መመዘን ነው። ከእግሩ ሥር በማይታይ ቦታ ትንሽ ጫር ሲደረግ ቀላ ያለ ከሆነ መዳብ አለው። አበባውን በጣት ዳብሱት፤ በእውነተኛው ላይ በቀለሞቹ መካከል የሽቦው መስመር ይታያል፣ ፊቱም እንደ መስታወት ይቀዘቅዛል። የሽቦው መስመር በቀለም የተሣለ ከሆነ ቅብ ነው። ቅብም ቢሆን ይሸጥ፤ ቅብ ተብሎ፣ በቅብ ዋጋ።

ሌላው የሚያጣላን ነገር አጠቃቀሙ ነው። ደንበኛ ቤቱ ወስዶ የጋለ ፍም በቀጥታ ይጨምርበትና ኢናሜሉ ይሰነጠቃል ወይም ቅቡ ይነድዳል፤ ከዚያ መልሱልኝ ይላል። ቻይናዎች ራሳቸው እንዲህ አያደርጉም። ማጨሻውን በጥሩ በተነፋ አመድ ይሞሉታል፣ ትንሽ ፍም በአመዱ ውስጥ ይቀብራሉ፣ ዕጣኑን ከላይ በስስ ነገር ላይ ያስቀምጣሉ። እናቶቻችን ገሉ እንዳይሰነጠቅ ከፍሙ ሥር አመድ ያደርጉ የለ? ያው ነው። ስንሸጥ ይህን አንድ ቃል ብንናገር ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ገሉና ዛፉ

ከሁሉ የሚያስጨንቀን ግን ማጨሻው አይደለም። ቻይና ዛሬም ከኢትዮጵያ ዕጣን ትገዛለች። ዕጣኑ የሚወጣው ከትግራይ፣ ከአበርገሌ፣ ከመተማና ቋራ፣ ከቤኒሻንጉል በረሃ ነው። በበጋው ወራት ሠራተኞች ሚንጋፍ በሚሉት መሣሪያ ዛፉን እየጫሩ ያደሙታል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሴቶች ቁጭ ብለው በእጃቸው ደረጃ በደረጃ ይለቅሙታል። በጥሬው በጆንያ ይሄዳል። እኛ በካርቶን የምናወርደው የተሠራውን ዕቃ ነው። ከሁለቱ ጉዞዎች የበለጠው ትርፍ ያለው ዕደ ጥበቡና ፋብሪካው ዘንድ ነው።

ዛፉም እያለቀ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳን ውስጥ ያሉ 23 የዕጣን ደኖችን አይቶ፣ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ወጣት ዛፍ አጣባቸው። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይፈጀዋል፤ ትልቁን ደግሞ ከልክ በላይ ማድማትና ነቀዝ ያደክመዋል። በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ይቀንሳል ብለው አስልተዋል። ሺህ ዓመት ባሕር የተሻገረ ዕቃ በልጆቻችን ዘመን ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ዕደ ጥበቡም ከቻይና የምንማረው አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቤጂንግ ኢናሜል ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ንጉሥ የለ፣ ገዢ የለ፣ የቀሩት ባለሙያዎች ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ሊን ሁዪዪን የተባለች የሥነ ሕንፃ ምሁር፣ ታማ ሳለች፣ ከባለቤቷ ከሊያንግ ሲቼንግና ከወጣት ተማሪዎቿ ጋር ሽማግሌዎቹን እየጠየቀች አዳዲስ ንድፍ አወጣችላቸው። በ1955 ሞተች። በማግሥቱ ዓመት የቤጂንግ ኢናሜል ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ዛሬም ይሠራል። የተማረች ሴት ከእጅ ባለሙያ ጎን ተቀመጠች እንጂ አልናቀችውም።

እኛ አገር ገልና ጀበና የምትሠራዋ ሴት ሸክላ ሠሪ እየተባለች ስትሰደብ፣ ቡዳ ስትባል ኖራለች። ልጇ ሙያውን ብትሸሽ ምን ይፈረድባታል? እዚህ ጅቡቲ ግን የሐበሻ ገል ፈልገው የሚጠይቁን አሉ፤ ውጭ አገር ያለው ዘመዳችንማ ለረከቦቱ ማሟያ በልመና ነው የሚያስልከው። ገበያ አለ ማለት ነው። የጎደለው ሳይሰበር የሚደርስበት አስተሻሸግና የሠሪዋን ድካም የሚመልስ ዋጋ ነው፤ ይህ ደግሞ የነጋዴ ሥራ ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ በቻይናው ማጨሻ ጎን ገልና ዳብቃድ መደርደር ጀምረዋል፤ ዕጣኑንም ከየት እንደመጣ በከረጢቱ ላይ መጻፍ። እናንተም ቤታችሁ የቆየ ማጨሻ ካላችሁ፣ የክፍሎቹን ስም በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ ወይም በሐረሪ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን፤ በሁለቱም ቋንቋ እናወጣዋለን።